የኦስጋር ቀንደ መለከት

ንጉሥ ዊትሄልምን ከዛፍ ጋር ያሰርኩት እኔ ነኝ። በየአዳራሹ እየዞረ በገና የሚደረድረው ሁሉ “መልአክ ወርዶ አሰረው” እያለ ይዘፍናል አሉ። ምን መልአክ ያመጣል? መልአክ የአሳማ ገመድ ተሸክሞ አይዞርም። ገመዱ የእኔ ነው፣ ውሾቹም የእኔ ናቸው፣ ቋጠሮውንም በዚህ በግራ ጉልበቴ ተደግፌ ነው ያጠበቅሁት። ዛሬ ጥርሴ አልቋል፣ ጉልበቴም ብርድ ሲነካው ያቃስታል፤ ምላሴ ግን አልዶለዶመም። ሳልሞት እኔው ራሴ ልናገረው፤ ዘፋኞቹ ዳቧቸውን በሌላ ውሸት ይብሉ።

ነገሩ የጀመረው በአዋጅ ነው። ዊትሄልም በነገሠ ማግሥት አገሩን ሁሉ የከብት ሌባ ሞልቶት ነበር። ማታ በረት የገባ በሬ ጠዋት የለም፤ ዱካውን ተከትለህ ጫካ ስትገባ ሌባው ዛፍ ይሆንብሃል። ንጉሡ ሸንጎ ጠራና አወጀ። ከመንገድ ወጥቶ በሰው ጫካ የሚሄድ እንግዳ ይጩኽ ወይም ቀንደ መለከት ይንፋ። ሳይጮኽ፣ ሳይነፋ የተገኘ ሌባ ነው፤ ያገኘው ይግደለው፣ ወይም ዋጋውን ተቀብሎ ይልቀቀው። መለከት ሲነፋ የሰማ ሁሉ ደግሞ በእጁ ያለውን ይዞ ይድረስ።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎን ነበር። እኛም በሬ ተሰርቆብናል። ባሌ ኦስጋርማ ከሁሉም በላይ ደስ አለው። የሞተብንን ጥቁር በሬ ቀንድ ፈልፍሎ፣ አለስልሶ መለከት ሠራ፤ ከወገቡ አይለየውም። ከጫካ ሲመለስ ገና ከሩቅ ሳለ ይነፋዋል።

“አንተ ሰውዬ፣ ጆሮዬን አደነቆርከው እኮ” ስለው፣

“እኔ ምን ላድርግ፣ ንጉሡን ተቆጪ” ይለኛል እየሳቀ።

ኦስጋር የመንደራችን የሄስልደን አሳማ ጠባቂ ነበር። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር የሁሉንም አሳማ ሰብስቦ ጫካ ይገባል፤ አሳማዎቹ ከኦክ ዛፍ ሥር የወደቀውን ፍሬ ሲለቅሙ ሰንብተው ይሰባሉ። ከመካከላቸው አንዲት ጆሮዋ የተቀደደ እናት አሳማ ነበረች፣ አመለኛ። መውለጃዋ ሲደርስ ከመንጋው ተለይታ ትሸሸጋለች። ልትወልድ የደረሰችን አሳማ በጩኸት ካስደነገጧት የወለደችውን መልሳ ትበላዋለች፤ ይህን አሳማ ያረባ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ኦስጋር አፉን ዘግቶ፣ ቀንዱን ወገቡ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ በእንብርክኩ እየዳኸ ተከተላት። እሷ ደግሞ ወንዟን ተሻገረች። ወንዟ ድንበር ናት፤ ከወዲህ የመንደሩ ጫካ፣ ከወዲያ የንጉሡ።

የንጉሡ ባለሟል ኢንግዋልድ በፈረስ ሲያልፍ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚድኽ ሰው አየ። ጦሩን ከጀርባው ሰካበት። ኦስጋር ማን እንደወጋው እንኳ ዞሮ አላየም። ኢንግዋልድም ሕጉ እንደሚያዘው ወዲያው ሰው ወዳለበት ሄዶ ተናገረ።

“ከመንገድ ወጥቶ አገኘሁት። አልጮኸም፣ አልነፋም። ሌባ ነው፤ ገደልኩት።”

አንዲት ውሸት አልጨመረበትም። እኔን ያንገበገበኝ ይኸው ነው። ውሸታም ቢሆን ረግሜው ይወጣልኝ ነበር።

ሌባ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም። መስቀያው ኮረብታ ላይ ከተሰቀሉት ወንበዴዎች ጋር፣ ያለ ጸሎት፣ ያለ መስቀል አፈር አለበሱት። ለእኔ ቀንዱን ብቻ መለሱልኝ።

ዝም አልኩ? አላልኩም። የሞተ ሰው ስሙ የሚነጻበት መንገድ አለ። ዘመድ ሸንጎ ቀርቦ “ሌባ አልነበረም” ብሎ ይምላል፣ ዐሥራ ሁለት ሰው ደግሞ “መሐላው ንጹሕ ነው” እያለ አብሮት ይምላል። መሐላው ከሞላ ስሙ ነጻ፣ ዐጽሙም ግቢ ይገባል። ስለዚህ ሸንጎው ሲቀመጥ ሄድኩ። ንጉሡ በወንበሩ ተቀምጧል፤ ያኔ ጎልማሳ ነው፣ ጢሙ እንደ ቀበሮ ጅራት የቀላ። መላው ሄስልደን ቆሟል። እኔ ማልኩ። የኦስጋር አባት አባባ ዊጋ ከጎኔ ቆመው ማሉ። ከዚያስ? ከዚያማ ማንም። ጎረቤቴን ኤድጊትን አየኋት። በእኔም ችግር በሷም ችግር አንድ ማሰሮ የተዋዋስን ሴቶች ነን። ጫማዋን ታያለች። ባሏም ጫማውን ያያል። መንደሩ በሙሉ አቀርቅሮ ጫማውን ያያል፣ ሁሉም ያን ቀን አዲስ ያጠለቀ ይመስል። ኢንግዋልድ እጁን ሰይፉ ላይ አድርጎ ከፊታቸው ቆሞ ነበራ።

የአሳማዋን ነገር ለንጉሡ ነገርኩት።

“እህቴ፣ አሳማ ትሁን ጥጃ እኔ አላውቅም” አለኝ። “ባልሽ ነፍቷል ወይስ አልነፋም?”

“አልነፋም፣ ጌታዬ።”

“እንግዲያው አለቀ። ዝም ያለ ሌባ ነው። አንዱን በአሳማ፣ አንዱን በዶሮ እያመካኘሁ ከለቀቅሁ ሕግ የለኝም።”

“እንደዚያ ከሆነ እርስዎም ጫካ ሲገቡ አፍዎን እንዳይዘጉ” አልኩት።

ንጉሡ ሳቀ። ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ሕፃን ልጅ ያጫወተው ይመስል ከልቡ ሳቀ። ያችን ሳቅ ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ኤድጊት በማግሥቱ ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ አልገባም አለች።

“ሊዮፍሩን፣ ልጆች አሉኝ” አለችኝ።

“አውቃለሁ።”

“ኢንግዋልድ ቤታችንን ያውቀዋል።”

“አውቃለሁ አልኩሽ። ዳቦሽን ይዘሽ ሂጂ።” ዳቦውን ደፉ ላይ ትታው ሄደች። ለአሳማ ሰጠሁት። ዛሬ ሳስበው ትንሽ ይቆጨኛል፣ የኤድጊት ዳቦ ጥሩ ነው።

ዓመት ሞላ። አባባ ዊጋ ይስሉ ጀመር፤ ደረታቸው እንደ ወናፍ ይጮኻል። አንድ ቀን እሳት ዳር ሾርባ ሳቀርብላቸው ማንኪያውን አስቀመጡ።

“ልጄ፣ ስሞት ግቢ እንዳትቀብሪኝ።”

“የት ልቅበርዎት ታዲያ?”

“ከልጄ ጎን።”

“አባባ፣ እዚያ እኮ ጸሎት የለም። እርስዎንም ሌባ ይሉዎታል።”

“ይበሉኛ። ልጄ ሌባ ከሆነ ያሳደግሁት እኔ አይደለሁ?”

ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሚስታቸው የተቀበሩት ግቢው ውስጥ ነው፤ ከጎናቸው ለሳቸው የተተወ ባዶ ቦታ አለ። አባባ ዊጋ እሑድ እሑድ የዚያን ቦታ ሣር እያጨዱ ከሚስታቸው ጋር ሲያወሩ አያቸው ነበር። አሁን ሊተዉት ነው፣ ልጃቸው ከወንበዴ ጋር ብቻውን እንዳይሆን። አንጀቴ ተቃጠለ። ዊጋ ሳይሞቱ ኦስጋርን ግቢ አስገባዋለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ። እንዴት እንደማስገባው አላወቅሁም፤ ብቻ ማልኩ።

ቅጠሉ እንደገና መርገፍ ሲጀምር ንጉሡ ግብሩን ሊበላ ሄስልደን መጣ። ልማዱ ነው፤ ዳቦውን፣ ጠላውን፣ ዝይውን፣ የወንዙን ዓሣ ሁሉ ከነባለሟሎቹ ጠርጎ ይበላል፣ እስኪበቃው ያድናል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው መንደር ያልፋል። ከኔም የሰቡትን መርጠው ወሰዱ። ኦስጋር ከሞተ ወዲህ መንጋውን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። የሌባ ሚስት ቢሉኝም አሳማቸውን አልነጠቁኝም፣ ጭቃ ውስጥ መዋል ማን ይመኛል?

ሥጋውን አዳራሹ ሳደርስ ኢንግዋልድ ደጃፍ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

“ይሄኛው የማን አሳማ ነው? ባልሽ የሰረቀው?” አለኝ። አጠገቡ የነበሩት ሳቁ።

“ቅመሰውና ንገረኝ” አልኩት፤ “የሌባን ጣዕም ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።” ያን ቀን በጥፊ አጠናገረኝ። ጉንጬ እስኪነጋ አበጠ።

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ከመንጋው ጋር በኛ በኩል ባለው ጫካ ነበርኩ። የኦስጋር ሁለት ውሾች አብረውኝ ናቸው፤ ጥጃ ጥጃ የሚያካክሉ፣ እምቢተኛ አሳማ በጆሮው ይዘው ሳያደሙ እንዲያቆሙ የተማሩ። ድንገት ጸጉራቸው ቆመ። ወደሚያዩበት ባይ፣ ከወደቀ ግንድ ኋላ አንድ ሰው በሆዱ ተኝቷል። ቀስት ይዟል። ካባ የለው፣ መለከት የለው። አፉን ዘግቶ ወደ ፊት ይሳባል።

“ማን እንደሆነ አላወቅሁም ነበር” ብል ማን ይከራከረኛል? ግን አወቅሁት። ያ ቀይ ጢም ጭቃ ውስጥም ይለያል። ዞሬ መሄድ እችል ነበር፣ እንደ ሰው ሁሉ ጫማዬን እያየሁ። ኦስጋር ታየኝ፣ በእንብርክኩ። ለውሾቹ አፏጨሁ።

እንደ አሳማ ጆሮ ሁለቱን እጅጌዎቹን ያዙት። ሊነሣ ሲሞክር አንደኛው አንገቱ አጠገብ ስላጉረመረመ ተወው። ከፊት አንድ ትልቅ አጋዘን ዘሎ ጠፋ።

“ማን እንደያዝሽ ታውቂያለሽ?” አለኝ አፈር እየተፋ።

“ከመንገድ የወጣ እንግዳ ይዣለሁ። ጮኸሃል?”

“አጋዘን እየተከታተልኩ እጮኻለሁ? አብደሻል እንዴ?”

“ነፍተሃል?”

“ቀንዴ ኮርቻዬ ላይ ነው። ፈረሴንም ወንዙ ማዶ አስሬ ነው የመጣሁት፣ ኮቴው እንዳያስደነግጠው።”

“እንግዲያው አልጮኽህም፣ አልነፋህም” አልኩና ከኦክ ዛፉ ጋር ጠፈርኩት። አዎ፣ አንተ ነው ያልኩት። ሌባ እርስዎ አይባልም።

ገመዱን ሳጠብቅ አየኝ። “ይህን ያህል የምትጠዪኝ ምን አድርጌሽ ነው?” አለኝ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። አላስታወሰኝም። እኔ ዓመት ሙሉ ከሱ ሳቅ ጋር ስተኛና ስነሣ፣ እሱ ፊቴን እንኳ አያውቀውም። ከዚያ በፊት ትንሽ ፍርሃት ነበረብኝ፤ ያኔ ለቀቀኝ።

የኦስጋርን ቀንድ ከወገቤ ፈታሁ። እሱ ከሞተ ወዲህ ከንፈሬን አስነክቼው አላውቅም። ነፋሁት፣ ትንፋሼ እስኪያልቅ።

መጀመሪያ የደረሰችው ኤድጊት ናት፣ እጇ ሊጥ እንደሆነ፣ መዳመጫዋን ይዛ። ባሏ ማጭዱን፣ ሌላው ዱላውን፣ ያገኘውን ይዞ ተከተለ። ዛፉን ሲያዩ ሁሉም ባሉበት ደረቁ።

“ሊዮፍሩን” አለችኝ ኤድጊት በሹክሹክታ፣ “ይሄ ሰውዬ ንጉሡን ይመስላል።”

“እሱ ስለሆነ ነዋ።”

“በማርያም፣ ዛሬ ምን በላሽ?”

ቄስ ቱንበርት ቀሚሳቸውን ሰብስበው እየሮጡ ደረሱና ንጉሡ እግር ሥር ተደፉ። “አንቺ ሴት፣ ልታስፈጂን ነው? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።”

“አባ፣ እኔ መች ከሰስኩት? አሰርኩት እንጂ።”

“በይ ፍቺው።”

“እርስዎ ይፍቱት። የተያዘ ሌባ የፈታ እንደ ሌባው እንደሚቆጠር ያውቃሉ፤ አዋጁን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያነበቡልን እርስዎ አይደሉ?”

ቄሱ እጃቸውን ወደ ቋጠሮው ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡ። አባባ ዊጋም በምርኩዛቸው እየተደገፉ፣ እየሳሉ መጡ። ንጉሡን አዩ፣ እኔን አዩ፣ የወደቀው ግንድ ላይ ቁጭ አሉ።

“ቋጠሮው ጥሩ ነው” አሉ።

ወዲያው ኮቴ ተሰማ። ኢንግዋልድ ከነባለሟሎቹ ደረሰ። ገመዱን ሲያይ ፊቱ ደም መሰለ፤ ሰይፉን መዝዞ ፈረሱን ወደ እኔ ነዳ። አልሸሸሁም። ብሸሽስ የት እደርሳለሁ?

“ቁም” አለ ንጉሡ። “ሴትዮዋን እንዳትነካ። በሕጌ ነው የያዘችኝ።” ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ አተኩሮ አየኝ። “የአሳማ ጠባቂው ሚስት። አሁን አስታወስኩሽ።”

“የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም” አልኩት።

“ዋጋዬን ጥሪና ልክፈልሽ። ሕጉ ይፈቅዳል።”

“ዋጋህ ለምኔ? የምፈልገው አንድ ቃል ነው። ኦስጋር ሌባ አልነበረም በል።”

“እሱን አልልም።”

“እንግዲያው አንተም ሌባ ነህ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።”

ንጉሡ ብዙ አሰበ። ላብ ከግንባሩ እየወረደ ጢሙ ውስጥ ይገባል፣ እንዳይጠርገው እጁ ታስሯል።

“ልክ ነሽ” አለ በመጨረሻ። “አልጮኽኩም፣ አልነፋሁም። ሌባ በሉኝ። ለባልሽ ያላፈረስኩትን ሕግ ለራሴ ስል ካፈረስኩ ሰው አይደለሁም።”

ይህን አልጠበቅሁም። ይለምነኛል ወይም ያስፈራራኛል ብዬ ነበር። እልኸኛ ነው፤ እኔን የሚያህል እልኸኛ በዕድሜዬ እሱን ብቻ ነው ያየሁት። በዚያች ሰዓት ጠላሁትም፣ አከበርኩትም። ግን ምን ዋጋ አለው? ንጉሡ ሌባ ተባለ እንበል፣ ኦስጋር ምን ተጠቀመ? ያው ኮረብታው ላይ ነው። አባባ ዊጋን አየኋቸው። በቅጠሉ መካከል ቀና ብለው መስቀያው ወዳለበት ያያሉ። እንባዬ መጣ። ገመዱ እጄ ላይ ከበደኝ።

ያዳነን ኢንግዋልድ ነው። አዎ፣ ራሱ። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ጌታው ሌባ ሲባል መስማት አልቻለም። ከፈረሱ ዘሎ ወረደ።

“ጌታዬ እንዴት ሌባ ይባላሉ! አውሬ የሚከታተል ሰው እንዴት ይጮኻል? እንዴትስ ይነፋል? ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ሊሰርቅ ዝም ያለ ሌላ፣ እንስሳውን እንዳያስደነግጥ ዝም ያለ ሌላ።” ከቄሱ አንገት ላይ መስቀሉን መንጭቆ ያዘ። “እኔ እምላለሁ። እንስሳ የሚከተል ሰው ዝም ስላለ ሌባ አይባልም። እናንተስ ምን ትጠብቃላችሁ? ማሉ እንጂ!”

ባለሟሎቹ ከፈረስ እየወረዱ መስቀሉን እየነኩ ማሉ። “እንስሳ የሚከተል ሰው ዝም ስላለ ሌባ አይባልም።” ንጉሡ እያያቸው ነውና አንዱ ከሌላው እንዳያንስ ይጋፋሉ። አባባ ዊጋ ጎንበስ ብለው በምርኩዛቸው ጫፍ አፈሩን ይጭራሉ፤ አንድ ሰው በማለ ቁጥር አንድ ጭረት። አንድ ጊዜ ሳላቸው መጣና አቋረጣቸው፤ አፋቸውን ጠርገው ቀጠሉ። ከዚያ ቀና አሉ።

“ዐሥራ ሁለት ሞላ፣ ልጄ” አሉኝ። “ሸንጎ ላይ ያጣነውን መሐላ እነዚህ ሞሉልን።”

ለአፍታ ማንም አልገባውም። መጀመሪያ የገባው ለንጉሡ ነው። ኢንግዋልድን ትክ ብሎ አየው።

“ምን ብለህ እንደማልክ ታውቃለህ?”

“ጌታዬ፣ እኔ እኮ ለእርስዎ ብዬ…”

“የዚህች ሴት ባል አሳማ እየተከተለ ነበር።”

ኢንግዋልድ መስቀሉን እንደያዘ ቀረ። ሰው እንዲህ ሲነጣ አይቼ አላውቅም።

“ሕግህን እኔ አላፈረስኩብህም” አልኩት ንጉሡን። “የማሉት ሰዎችህ ናቸው። አሁን በል።”

“ኦስጋር ሌባ አልነበረም።”

“ጮክ በል። ከመጀመሪያውም ያጣላን ዝምታ ነው።”

ደረቱን ነፋ። “የዊጋ ልጅ ኦስጋር ሌባ አልነበረም” ብሎ ሲጮኽ ጫካው አስተጋባ፣ አሳማዎቹም ሳይቀሩ ቀና አሉ። ቋጠሮው እምቢ ስላለኝ በቢላ ቆረጥኩት።

እጁን እያሻሸ ቆመ። “አሁን አንቺን ምን ላድርግሽ? ንጉሥ አስረሻል እኮ።”

“የፈለጉትን ያድርጉ፣ ጌታዬ” አልኩት፤ ከተፈታ ወዲያ እርስዎ ነው። “እኔ የምፈልገውን አግኝቻለሁ።”

“ያንን ቀንድ ስጪኝና እንታረቅ።”

“አልሰጥም።”

ሊስቅ ፈልጎ ነበር፣ አይቼዋለሁ። ተወው።

ኦስጋርን ከኮረብታው ያወጣው ኢንግዋልድ ነው፣ ንጉሡ አዞት፣ በዝናብ፣ ብቻውን። መንደሩ ቆሞ አየው፣ አካፋ ይዞ የሚያግዘው አልነበረም። አባባ ዊጋ በረዶው ሳይጥል ዐረፉ። በሚስታቸውና በልጃቸው መካከል ተኝተዋል። ሣሩን አሁን የማጭደው እኔ ነኝ።

ዊትሄልም አዋጁን አልሻረም፤ እልኸኛ ነው ብያችኋለሁ። ግን በየዓመቱ ለግብር ሲመጣ ወንዛችን ዳር ፈረሱን ያቆማል፣ ይነፋል፣ በኦስጋር ቀንድ እስክመልስለት ድረስ አይሻገርም። ማንም አላዘዘውም። እኔም አልቸኩልም ነበር። አሳማዎቼን አበላለሁ፣ ቤቴን እጠርጋለሁ። አንድ ዓመት ዝናብ ላይ አስቁሜው ባለሟሎቹ የእናቴን ነፍስ ሲረግሙ እስከ ቤቴ ተሰማኝ። ይርገሙ። ያችን የሸንጎ ሳቅ አልረሳሁማ። እንዲህ እያልን እሱም አረጀ፣ ጢሙ ነጣ። ባለፈው ዓመት ሲነፋ ድምፁ ወንዙን ለመሻገር አቅም አልነበረውም። ያን ቀን ሮጬ መለስኩለት። ብርዱ ሳያልፍ ሞተ።

አሁን የወንድሙ ልጅ ነግሧል። “የአሳማ ጠባቂ መበለት ንጉሥ ደጅ የምታስጠናበት አገር የለም፤ እኔ አልነፋም” ብሎ አዳራሹ ውስጥ ፎክሯል አሉ። ዘንድሮ ሲመጣ እውነትም አልነፋም። ሰፊውን መንገድ ትቶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ከነፈረሰኞቹ ዝም ብሎ ጫካችን ገባ።

ፊቱ ሄጄ ቆምኩ። የዛሬ ውሾቼ የነዚያ የልጅ ልጆች ናቸው፤ እኔ ግን ያው እኔ ነኝ። ቀንዱን አነሣሁ። ጥርስ በሌለው አፍ ሲነፋ የታመመ ዝይ ነው የሚመስለው። ፈረሰኞቹ ሳቁ፣ ወጣቱ ንጉሥም ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ሳቀ። ያችኑ ሳቅ ነው የወረሰው። ያኔ ፈራሁ። እሱን አይደለም። ሸንጎው ትዝ ብሎኝ፣ ያ ሁሉ ጫማ።

ከኋላዬ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። ኤድጊት ናት፣ ጎብጣ፣ መዳመጫዋን ይዛ። ባሏ ከነማጭዱ፣ ልጆቻቸው፣ የልጆቻቸው ሚስቶች፣ ቄስ ቱንበርት ሳይቀሩ በሰው ትከሻ ተደግፈው። መንደሩ በሙሉ ከጎኔ ቆመ። መሬት መሬት የሚያይ አልነበረም።

“ምንድን ነው ይሄ?” አለ ንጉሡ። “ዞር በሉ። ማን እንደሆንኩ አታውቁም?”

የመለሰችለት ኤድጊት ናት፣ ያኔ ሸንጎ ላይ ድምፅ ያልወጣት ኤድጊት።

“አናውቅህም፣ ልጄ” አለችው። “ጮኸሃል? ነፍተሃል?”

ባለሟሎቹን አየ። የያዝነውን አየ፤ መዳመጫውን፣ ማጭዱን፣ ትከሻዬ ላይ ያለውን ገመድ። ፈረሱን አዞረና ወንዙን መልሶ ተሻገረ። ማዶ ቆሞ ነፋ።

አስጠበቅሁት።